ፖሊሱን የልጄ የጡት አባት ሊያደርጉት

ልጄን ከክፍል ያወጣት ፖሊስ ነው። አልሰረቀች፣ ስለት አልያዘች፣ ሰው አልመታች። ዚር ተሰብሮ ነው። ዚር በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥላ ሥር የሚቀመጠው፣ ልጆቹ በጣሳ እየቀዱ የሚጠጡበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲጋፉ ከማስቀመጫው ወደቀ። የእኔ ልጅ አጠገቡ ቆማ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

እኔ ባደግሁበት አገር የትምህርት ቤት ዕቃ የሰበረ ተማሪ ጆሮውን ይቆነጠጣል፣ ግቢ ይጠርጋል፣ ከበዛም እናቱ ተጠርታ "ተኪ" ትባላለች። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የእኛው ልጆች በአማርኛ በሚማሩበት፣ እኛው አዋጥተን በተከራየነው ግቢ፣ የእኛው ርእሰ መምህር "ለፖሊሱ ንገሩት" አለ። ፖሊሱም የሂሳብ ትምህርት ተጀምሮ ሳለ ገባ። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ልጄን በእጅጌዋ ይዞ አወጣት፤ ከበር ራክሻ ጠርቶ፣ በዚያች ባለ ሦስት እግር መኪና ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ኑቅጣ ወሰዳት። ኑቅጣ የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

እኔ ያን ሰዓት ሰሊጥ ማበጠሪያው ግቢ ነበርሁ። ነጋዴዎቹ ሰሊጡን ከመጫናቸው በፊት እኛ ሴቶች ተደርድረን ተቀምጠን አፈሩንና ገለባውን እንለይላቸዋለን። ወንፊቱ ሲንቀሳቀስ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ቀና ስል ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ከፊቴ ቆማለች፤ እጇ ገና የብርጭቆ ማጠቢያ ውኃ ያንጠባጥባል። ከኡም ራኩባ ካምፕ የወጣች ትግራዋይት ናት፤ አማርኛዋ ፈጣን ነው፣ ምላሷም ያው።

"አንቺ! ተነሺ! ልጅሽን ፖሊስ ወሰዳት።"

"የማንን ልጅ?"

"ያንቺን ነዋ! ለሰው ልጅማ ይህን ሁሉ ፀሐይ እሮጣለሁ?"

ኑቅጣ ስደርስ ልጄ ዓረቂ ሲያወጡ ከተያዙ ሴቶች መካከል፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አንዷ ሴት ነጠላዋን ከፍላ አልብሳታለች። ፖሊሱ ጠረጴዛው ዘንድ ነበር፣ የሚይዘው የቆዳ አለንጋ ከፊቱ ተጋድሟል። በዓረብኛ ነው የተነጋገርነው፤ የእኔ ዓረብኛ የገበያ ነው፣ ለዚህ ግን በቃኝ።

"ወሊይዋ የታለ?" አለኝ። ኃላፊዋ፣ ስለ እሷ የሚቆምላት ማለቱ ነው።

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ እናቷ ነሽ። አባቷን ነው የጠየቅሁሽ።"

"ቁረይሻ ነው ያለው።"

"ይምጣ።"

"አይመጣም። እዚያው ነው የቀበርነው።"

ቀና አለ። ጥቁር ልብሴን ያን ጊዜ ነው ያየው። "ማዓሌሽ" አለ። ይህ ቃል እዚህ አገር ለረገጡት እግርም ለሞተ ሰውም ይሆናል። ከዚያ አዲስ ዚር ትገዣለሽ ተባልሁና፣ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ቤት ስንደርስ ጫማዋን እየፈታች፣ "እማ፣ ፈተናው ደርሷል። ግን እሱ ዝም ብሎ ክፍል የሚገባ ከሆነ አልሄድም" አለች። "በር በተከፈተ ቁጥር እሱ እየመሰለኝ ምን እጽፋለሁ?"

ባሌ ትራክተር ነጂ ነበር። ባለፈው ኸሪፍ፣ ክረምቱ እንደገባ፣ ቁረይሻ እርሻ ላይ ወባ ያዘው። በኸሪፍ የዚያ አገር ጥቁር አፈር ጭቃ ሲሆን የመኪናን ጎማ እንደ ሊጥ ይይዛል፤ ወደ ከተማ የሚያመጣው አላገኘም። ጓደኞቹ የነዳው በነበረው ትራክተር ተጎታች ላይ አስተኝተው ጀመሩ፣ መንገድ ላይ ሞተ። እኔ የደረስሁት ለአፈሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያነጋግረኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ያለው ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው፦ ወንድ የላትም።

እውነቱን ለመናገር እሱም በነበረ ጊዜ ለትምህርት ቤት ጉዳይ አንድ ቀን ተጠርቶ አያውቅም። ለማረስ ይሄዳል፣ ለዘር ይሄዳል፣ ለአጨዳ ይሄዳል። ልጄ ስትታመም የተጠራሁት እኔ፣ ካርድ የፈረምሁት እኔ፣ በዝናብ ተሸክሜ ያመጣኋት እኔ። ያን ጊዜ ማንም "ወሊይ የት አለ?" አላለም። በሩቅም ቢሆን ወንድ መኖሩ ይበቃቸው ነበር።

ፖሊሱን ወደ ትምህርት ቤቱ ያመጣው መንግሥት ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ከካርቱም ሰው ሁሉ ወደዚህ ሲያፈስስ ከተማው ተጨናነቀ። በትምህርት ቤቱ በር ወንዶቹን ልጆች ወደ ሊቢያ የሚያባብሉ ደላሎች ይቆሙ ጀመር፤ ቢላ የሚይዙም ነበሩ። የወላጆች ኮሚቴ ለምኖ ፖሊስ አስመደበ። ደላሎቹ ጠፉ። ይህን አልክድም። ወላጆች ተደሰቱ፤ በየተራ ቁርስ እናብላው አሉ፤ አንዷ ፉል ታመጣለች፣ አንዷ ዳቦ። ከዚያ ቁርስ ያመጣች እናት ሁሉ አንድ ጉዳይ ይዛለት መምጣት ጀመረች። "ይህን ልጄን አስፈራራልኝ፣ አምሽቶ ይገባል።" "ይህችን ገሥጽልኝ፣ አልታዘዝ አለች።" አባቶችም እንዲሁ። የገዛ ልጁን ጆሮ ይዞ ወደ በሩ ጥበቃ የሚወስድ አባት አይቻለሁ። ፖሊሱ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ደሞዝም በወቅቱ አይደርሰውም። ነገር ግን የአንድ ሰፈር ወላጅ ሁሉ ዱላውን አምጥቶ በእጁ ካስያዘው፣ አንድ ቀን ሳይጠየቅ መምታቱ አይቀርም። ርእሰ መምህሩም ማስተማር እንጂ መቆጣጠር የእኔ ሥራ አይደለም ብሎ አረፈ።

ስለዚህ የልጄን ነገር "የፖሊሱ ጥፋት" ብለው ሊያልፉት ሲፈልጉ እምቢ አልሁ። ሰውየውን አባርሩት አላልሁም። ሕግ ይጻፍለት አልሁ። ፖሊሱ ያለበት ስፍራ በሩ ይሁን፣ ክፍል አይግባ፤ የዚርና የጠብ ነገር የመምህራን ነው፤ አለንጋው ከግቢው ውጭ ይቀመጥ፤ ልጅ ከግቢ የሚወጣው ቤተ ሰቡ ተጠርቶ ከመጣ በኋላ ብቻ ነው። ይህን በአማርኛ ጽፌ ለኮሚቴው ሰጠሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ጽሕፈት ስጀምር ጀንበር ትጠልቅብኛለች። የጻፍሁትን ግን አልሰርዝም።

ስብሰባው በልጄ ክፍል ውስጥ ተደረገ። ትልልቅ ሰዎች በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ከአገጫቸው ደርሶ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢያችን የጎንደር ሰው ናቸው፤ ሽምግልና የሚያምርባቸው፣ ሁሉም "አባባ" የሚላቸው ሽማግሌ። ጽሑፌን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሻል። ግን እኛ እንግዶች ነን። እንግዳ ለባለቤት ሕግ ያወጣል?"

"እንግዳ ልጁ ስትጎተት ዝም ይላል፣ አባባ?"

ከኋላ አንድ አባት፣ "የእኔ ልጅ ፖሊሱ ከመጣ ወዲህ ነው ሰው የሆነው። ሕግ ሕግ እያላችሁ ታባርሩትና ደላሎቹ ተመልሰው ይመጡላችኋል!" አለ።

"አባርሩት ያለ አለ? በሩ ላይ ይቁም ነው ያልነው" አልሁ።

"በር ላይ ቆሞማ ምን ይሠራል? ፍየል ይጠብቃል?"

"አንተ ልጅህን ቤትህ ግረፍ!" አለች ሻይ ሻጯ፤ እሷም የተማሪ እናት ስለሆነች መጥታለች። "መንግሥት ደሞዝ ከፍሎ ልጅ ይቅጣልህ?"

ሰው ሳቀ፣ ሰውየው ተቆጣ፣ ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ። አንዲት እናት ግን ተነሥታ የተናገረችው አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጇን ደላሎች ወስደውባታል። "እኔ ያን ጊዜ ፖሊስ ቢኖር ኖሮ ክፍል ገብቶ፣ ጎትቶ፣ አስሮም ቢያስቀርልኝ እግሩን እስም ነበር" አለች። እውነቷ ነው፤ የእኔም እውነት ነው፤ ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ሁለቱን እውነት አብሮ ለመያዝ ብዬ አሰብሁ፤ ቃሉ ግን ቶሎ አልመጣልኝም።

በመጨረሻ ከጻፍሁት ሁለቱ አለፉ። ፖሊሱ ያለ መምህሩ ፈቃድ ክፍል አይገባም። ተማሪም ቤተ ሰቧ ሳይጠራ ከግቢ አትወጣም። የአለንጋው ነገር "ይታሰብበት" ተባለ። ሰብሳቢው ወደ ዓረብኛ አስተረጎሙት፣ ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ማኅተም መታበት፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በዓረብኛ ሆኖ በበሩ ጥበቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ቤቴ ገብቼ ከባሌ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ጣመኝ።

ልጄ እዚህ ነው ያደገችው፤ ዓረብኛውን የምታነበው እሷ ናት። በሩ ድረስ ሄዳ አንብባው መጣችና፣ "እማ፣ በዓረብኛው 'ቤተ ሰብ' አይልም። 'ወሊይ' ነው የሚለው" አለችኝ።

"ምን ለውጥ አለው?"

"ወሊይ ወንድ ነው። አባት ነው፣ አባት ከሌለ አያት፣ አጎት። አንቺ አይደለሽም።"

ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድሁ። ወንበር አላቀረበልኝም።

"ለዓረብ ቢሮ የሚጻፈው እንደዚያ ነው፣ እህቴ። እናት ብለን ብንጽፍ ማን ያነበዋል? ወንድም የለሽም?"

"የለኝም።"

"የባልሽ ወንድም?"

"ጎንደር።"

"እንግዲህ ሲያስፈልግ የሚጠራ የወሊይ ስም ሳይመዘገብ ልጅቱን በዚህ ደንብ አስገባለሁ ብል ደንቡን ራሴ ጣስሁት ማለት ነው። ደንብ አምጡ ያልሽው አንቺ ነሽ።" ይህን ሲል ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ልጄን ከፖሊስ እንዲጠብቃት የጻፍሁት ቃል ልጄን ከትምህርት ቤት ማስቀሪያ ሆኖ ተመለሰልኝ።

ከዚያ ነው ሽማግሌዎቹ ወደ ቤቴ የመጡት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰብሳቢው ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር። አንገረቡ ላይ፣ በገመድ በተሠራው አልጋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አንደኛው በጨርቅ የተጠቀለለ ማሰሮ ይዟል። ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። ውኃ ጠጡ፣ ስለ ሟቹ ነፍስ ይማር አሉ፣ ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ መላ አግኝተናል። ወሊይ የላትም ነው የተባለው፣ ወሊይ እንስጣት።"

"ከየት አምጥታችሁ?"

"ፖሊሱ ይሁናት።"

"ምኗን?"

"አባቷን። የጡት አባት።"

የጡት አባትነት ከእኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። አቅም የሌለው ሰው አቅም ያለውን ይጠጋና፣ ባለ አቅሙ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል፤ በምስክር ፊት። ከዚያ ወዲያ ልጁ ነው፤ አይክደውም፣ አይጎዳውም። እስላምና ክርስቲያን ሳይል ሰው ሲጣባበት የኖረ፣ ብዙ ደም ያስቀረ ወግ ነው። ወጉን አልሰድብም። ግን የእነዚህ ሰዎች ማሰሮ ማር ቤቴ መሀል ተቀምጦ ሳየው ጆሮዬ ጮኸ።

"እጅጌዋን ይዞ ያወጣት እጅ ነው። ያን ጣት ልጄ ትጥባ?"

"እሱም ደስ ብሎታል። ነገርነው፣ ሳቀ፣ እሺ አለ።"

"እሱ ምን ገዶት እሺ አይል! የምትጠባው እሱ አይደለ!"

"አትቆጪ። ስሚኝ" አሉ ሰብሳቢው፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ያው ያ የማውቀው ዝቅታ። "ወረቀት ይቀደዳል። ዛሬ የጻፉልሽን ሕግ ነገ ሌላ ሹም ይሽረዋል። እኛ በዚህ አገር ምን አለን? መሬት የለን፣ መንግሥት የለን። ያለን ዝምድና ነው። ጡት የተጣባ ሰው ግን አይካካድም። እኔ ሕግ ጠልቼ አይደለም፣ ሕግ ሲከዳ ስላየሁ ነው።"

ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር። ለዚህ ነው ይበልጥ የተናደድሁት። ሞኝ ቢሆኑ እስቅ ነበር።

"አባባ፣ ይህ ፖሊስ ነገ ወደ ከሰላ ቢዛወርስ?"

"ያን ጊዜ እናስባለን።"

"የሚመጣውንም ትጠባለች? ፖሊስ በተቀየረ ቁጥር አዲስ አውራ ጣት?"

አንደኛው ሽማግሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ፤ ሊስቅ ነው መሰለኝ። ሰብሳቢው ግን ተነሡ። "ለዓርብ ግቢውን አዘጋጅተናል። እምቢ ካልሽ ልጅቱ ቤት ትቀመጣለች፤ በእኛ አታመካኚ" አሉ።

መጋረጃው ተገለጠና ልጄ ወጣች። "እሺ በያቸው፣ እማ።"

"አንቺ ዝም በይ።"

"ማር ነው፣ መርዝ አይደለም። ጣቱን ለደቂቃ እጠባና ፈተናዬን እቀመጣለሁ። የማፍረው እኔ፣ የምማረው እኔ። አንቺ ምን አስጨነቀሽ?"

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላም ተጨቃጨቅን። ተሳደብሁ ማለት ይሻላል። አባትሽ ቢሰማ አልኋት። "አባቴማ አይሰማም" አለችኝ፤ እውነት ተናገረች። እሷ መማር ትፈልጋለች፤ የተሰጣት መግቢያ አንድ ነው፣ በሚያዋርድም ቢሆን ልትገባበት ነው። ልጅ በእንዲህ ያለ በር ለመግባት ስትስማማ እናት የምትናደደው በልጇ አይደለም።

እዚህ አገር ዓርብ ትምህርት የለም። ግቢው በሰው ሞላ፤ እናቶች በብዛት፣ አባቶች ጥቂት። ፖሊሱ ልብሱን አስተኩሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ መጣ። ሽማግሌዎቹ ለምነውት አለንጋውን ቤቱ ትቷል። ለልጄ በወረቀት የተጠቀለለ ሐላዋ ይዞላት ነበር፣ ሰጣት። እንደ ሙሽራ አጎት ያፍራል። ሰብሳቢው ማሩን ፈቱ፣ መረቁ። ፖሊሱ "ቢንቲ" አላት፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ አውራ ጣቱንም ማሰሮው ውስጥ ነከረ።

ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች። ያን ጣት ማሩ እየተንጠባጠበ ወደ ፊቷ ሲመጣ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዴት እንዳልገባኝ አላውቅም፤ ንዴት አያሳስብም።

"ቆይ" አልሁ በዓረብኛ፣ ጮክ ብዬ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነገ ሌላ ዚር ቢሰበር፣ ልጄን ልትወስዳት ብትመጣ፣ በደንቡ ማንን ትጠራለህ?"

"ወሊይዋን።"

"ወሊይዋ ማን ነው?"

ወደ ሽማግሌዎቹ አየና ፈገግ ብሎ ደረቱን ነካ። "አና!" እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

"ራስህን ጠርተህ፣ ለራስህ አስፈቅደህ ትወስዳታለህ?"

"ለራሴ እፈቅዳለሁ!" አለና ሳቀ። ሰውም አብሮ ሳቀ። ወንዶቹ በተለይ በጣም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ልጄም አልሳቀችም። ፊቷ ቀስ ብሎ ሲቀየር አየሁ፤ እሺ ያለችው ነገር ምን እንደሆነ ገና ያን ጊዜ ነው የታያት። አውራ ጣቱ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ጥርሷን ገጠመች። ማሩ በአገጯ ወርዶ አንገትጌዋ ላይ ፈሰሰ። አፏን አልከፈተችም።

"ጠባች!" አሉ ሰብሳቢው። "ጠባች፣ እሰየው!"

ከኋላ ያሉት፣ ማየት ያልቻሉት ሴቶች እልል አሉ።

"አልጠባችም!" አልሁ።

"ጠብታለች፣ ማሩ ከአፏ ላይ አለ!"

"አልጠባችም!" ሻይ ሻጯ ሰው እየገፋች ወደ ፊት ወጣች። "ዓይን አለኝ። ከንፈሯ አልተከፈተም። አባባ፣ ማር መንካት ልጅ ካደረገማ ዝንብም ልጁ ነው!"

እልልታው ቆመ። እሷ ግን አልቆመችም። ፊቷን ወደ ሴቶቹ መለሰች።

"እኔስ? ባሌ ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ ይሙት ይኑር አላውቅም። ለእኔ ልጅ ማን ነው የሚጠራው? ያንቺስ ባል ሊቢያ አይደለም? ያንቺ ደግሞ ቁረይሻ አጨዳ ላይ አይደለም፣ ስልኩ የማይሠራበት? እስቲ እዚህ ግቢ ውስጥ ነገ ሲጠራ የሚመጣ ባል ያላት እጇን ታውጣ!"

እጆች ወጡ፤ ጥቂት። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ተያዩ። አንዷ፣ ያችው ልጇን ደላሎች የወሰዱባት እናት፣ "ለእኔም ትንሹ ልጅ ማንም የለ" አለች በዝግታ።

"እንግዲህ ተሰለፉ!" አለች ሻይ ሻጯ። "አውራ ጣቱ አንድ ነው፣ ማሩም ለሁላችን አይበቃ ይሆናል!"

አሁን የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ፖሊሱ የሚባለው በደንብ አልገባውም፤ የሚሳቅበት እሱ መሆኑ ግን ገብቶታል። ማር የተቀባ ጣቱን የሚጠርግበት አጥቶ በተተኮሰ ልብሱ ፊት ይዞት ቆመ። ኋላ ምን ያድርግ፣ ወደ አፉ ወስዶ ራሱ ላሰው።

"በሉ፣ የራሱ የጡት አባት ሆነ!" አለች ሻይ ሻጯ።

ሰብሳቢው ማሰሮውን ከድነው ሰው ሳያናግሩ ሄዱ። እንዳዋረድኋቸው ያምናሉ፤ ሰላምታ ከዚያ ወዲህ አይሰጡኝም። እኔ ደግሞ ልጄ ማር በፈሰሰበት ልብስ ቆማ ሳለ "ጠባች" ያሉትን አልረሳላቸውም። እኛ ዓይናችን እያየ፣ የልጅ አፍ ተዘግቶ እያለ፣ ተስማምታለች ብሎ እልል ማስባል! ፖሊሱ እንኳ እንዲህ አላደረጋትም። እሱ እምቢ እያለች እንደጎተታት ያውቃል።

ኮሚቴው በማግስቱ በአማርኛው ወረቀት ላይ ከ"ቤተ ሰብ" ጎን "አባት ወይም እናት" የሚል አስገባ። የዓረብኛውን ግን አልነካም አለ ርእሰ መምህሩ፤ ማኅተም ካረፈ በኋላ አይጨመርበትም አለ። ፖሊሱ የሚያነበው ዓረብኛውን ብቻ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ርእሰ መምህሩም ያውቃል።

እሑድ ጠዋት፣ እዚህ የትምህርት ሳምንት በሚጀመርበት ቀን፣ ልጄን ይዤ ሄድሁ። የታጠበ ልብስ ለብሳለች። በበሩ ጥበቃ ቤት ግድግዳ ላይ ካለው የዓረብኛ ወረቀት ፊት ቆመች፣ እስክሪብቶዋን አወጣች፣ "ወሊይ" ከሚለው ጎን ሁለት ቃል ጻፈች። ፖሊሱ ከወንበሩ ሳይነሣ ያያታል።

"ምን ጻፍሽ?"

"አንብበው" አለችው፤ ዓረብኛዋ እንደ እነሱ ልጆች ነው።

ተነሥቶ ቀረበ። "አው… ኡም" ብሎ አነበበ። ወይም እናት። "ማን ፈቀደልሽ?"

"እናቴ።"

እኔን አየኝ፣ ወረቀቱን አየ። "ይህ ማኅተም የለውም" አለ።

"አውቃለሁ" አልሁት። "እሱን አመጣልሃለሁ። ያንተ ሥራ ማንበብ ነው።"

ከዚያ በሩን የዘጋውን ወንበሩን ወደ ጎን ሳበው፣ ልጄ ገባች። ወደ ክፍሏ ስትሄድ ዞር ብላ አላየችኝም፤ ወደ ፈተናዋ ነው የምትሄደው።

እኔ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄድሁ። ማኅተሙን ከዚያች ቃል ላይ እንዲያሳርፍ ጠየቅሁት። "ነገ" አለኝ። በማግስቱም "ነገ" አለኝ። ሰሊጥ ቤቱን ትቼ በቢሮው በር፣ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመርሁ። ሻይ ሻጯ አልፎ አልፎ ብርጭቆ ታቀብለኛለች፣ "ዛሬም ማኅተሙን አልመታልሽም?" እያለች። ይህን የምጽፈው እዚሁ ተቀምጬ ነው፣ በዝግታ፣ ጭኔ ላይ። ርእሰ መምህሩ በመስኮት ሁለት ጊዜ አየኝ። ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ሲከፍትና ሲዘጋ ድምፁ ይሰማኛል።